ጠዋት አልነሣ ያለች ሞተር ብስክሌት
(ከዋጃ የተገኘ ትምህርት)

እንደሚታወቀው፣ ከማሠልጠኛ የሚወጣ መምህር ሁሉ ዕጣው በአስፋልት ዳር አይወጣለትም። ብዙዎቻችን የምንመደበው መኪና በሳምንት አንዴ በሚያልፍበት፣ አለዚያም ጭራሹን በማያልፍበት ቀበሌ ነው። እዚያ ደግሞ ከጠመኔውና ከሰሌዳው ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን የሚያገለግል ንብረት ቢኖር አንዲት ያረጀች ሞተር ብስክሌት ናት። ሱፐርቫይዘሩም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ የጤና ሠራተኛዋም የሚንቀሳቀሱት በዚሁ መሣሪያ ነው። ታዲያ ይህች መሣሪያ ጠዋት አልነሣ ስትል የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም። ትምህርቱም ይቆማል፤ ክትባቱም ይዘገያል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሠልጣኞችና አንድ የእጅ ሥራ አስተማሪያችን በኅብረት ሆነን ነው። መነሻችን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ በራያ ሜዳ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው በዋጃ አካባቢ ያጋጠመን ጉዳይ ነው። አንባቢውን በአንድ ቀን መካኒክ ለማድረግ አናስብም። ዓላማችን ሁለት ነው፤ ይኸውም አንደኛ፣ ያረጀች ሞተር ብስክሌት ጠዋት ስታስቸግር ወይም እየሄደች ስታንገራግር ችግሩ ከየት እንደሆነ በቅደም ተከተል መለየት፤ ሁለተኛ፣ ይህ የመለየት ዘዴ በክፍል ውስጥ ከምናስተምረው የሳይንስ ዘዴ ጋር አንድ መሆኑን ማሳየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር

መምህሩ ከዋጃ ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት ያስተምራል። የሚነዳት ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ይህች ሞተር ብስክሌት በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ጊዜ በማሽላ አገዳ ክምር ሥር ተደብቃ ከአንድ ዓመት በላይ ሳትነሣ ቆይታለች። ከዚያ ወጥታ ሥራ ስትጀምር ጠባይዋ ተለወጠ።

መምህሩ የነገረን እንዲህ ነው፦ «ጠዋት ሠላሳ አርባ ጊዜ እረግጣለሁ። ላብ በላብ ሆኜ እግሬ ሲዝል የሰፈር ልጆች እየገፉ ያስነሡልኛል። ከተነሣች በኋላ ቾኩን ስመልሰው ትጠፋለች። መንገድ ላይ መካከለኛ ፍጥነት ስይዝ ምንም አትልም። የሚገርመው ደግሞ በግራ ካሕሱ ሽቅብ ወደ ኮረም ስወጣ ይሻላታል፤ ወደ ዋጃ ስመለስ ያው ነች። ደጋ ትወዳለች መሰለኝ!»

ካንዴላ ሦስት ጊዜ ቀይሯል። አንድ ባለሙያ ደግሞ «ፒስቶኑ አልቋል፤ ሲሊንደሩ መበረዝ አለበት» ብሎታል። ለዚህ የተጠየቀው ገንዘብ ከወር ደሞዙ በላይ ነበር። ሊበደር አስቦ ሳለ ነው እኛ የደረስንበት። በየጠዋቱ ሃያ ደቂቃ ሲባክን በሳምንት አምስት ቀን አንድ መቶ ደቂቃ ነው። ይህ ማለት ልጆቹ በየሳምንቱ ከሁለት ክፍለ ጊዜ በላይ ያጣሉ ማለት ነው።

ሞተር የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች

የቤንዚን ሞተር፣ አሮጌም ሆነ አዲስ፣ ለመነሣት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው።

1ኛ/ በልክ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፤
2ኛ/ በቂ እመቃ፤
3ኛ/ በሰዓቱ የሚደርስ ብርቱ የእሳት ፍንጣሪ።

ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብቻቸውን ዋጋ የላቸውም። ሦስቱም እያሉ አንዱ ከደከመ ደግሞ ሞተሩ በችግር ይነሣል፣ ተነሥቶም ያንገራግራል።

ስለ ቅልቅሉ ጥቂት እንበል። አንድ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ ለመንደድ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ700 ግራም በላይ ስለሚመዝን ወደ 11 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልገዋል። በዋጃ ከፍታ ይህ 11 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ወለሏ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች የአንዲት ጠባብ ክፍል አየር በሙሉ! ይህ ሁሉ አየር ከነአቧራው የሚያልፈው በአንዲት ፊልትሮ ውስጥ ነው። በራያ ሜዳ አቧራ ፊልትሮ ቶሎ የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

አየሩ ከልክ በላይ ሲበዛ ቅልቅሉ «ሳሳ» እንላለን። ቤንዚኑ ሲበዛ ደግሞ «ወፈረ» እንላለን። የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ቁም ነገር እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

ጠዋት ለምን ይለያል?

አንዳንድ ሰው «ቆላ አገር ምን ብርድ አለና ነው ሞተር ብርድ የሚመታው?» ይላል። ዳሩ ግን እዚህ ላይ «ቀዝቃዛ» የምንለው ሌሊቱን ያደረውን ሞተር እንጂ አገሩን አይደለም። ቤንዚን የሚነደው ፈሳሽ ሆኖ ሳይሆን ተንኖ ነው። ያደረ ብረት ላይ ሲያርፍ ገሚሱ ሳይተንን በግድግዳው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ካንዴላው ዘንድ የሚደርሰው ቅልቅል የሳሳ ይሆናል። ቾክ የተሠራው ይህን ጉድለት ለማካካስ ነው፤ ለጊዜው ቅልቅሉን ያወፍረዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። በነዲቲ 125 ዓይነት ካርቡራቶር ቾኩ የአየር መክደኛ አይደለም። ራሱን የቻለ ትንሽ የቤንዚን መንገድ ነው። ያን ቤንዚን የሚስበው ሞተሩ ሲረገጥ በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ነው። መሳቡ ብርቱ የሚሆነው የቤንዚን እጀታው ተዘግቶ ሲቆይ ነው። በመሆኑም ቾክ ስበን፣ እጀታውንም እያዞርን ስንረግጥ የራሳችንን ሥራ ራሳችን እናፈርሳለን። ቾክ ሲሳብ እጀታውን አለመንካት ይበጃል።

ሌላው የቤንዚኑ እርጅና ነው። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ሲሆን በቀላሉ የሚተንኑት ክፍሎቹ ቀድመው ይሄዳሉ። ጠዋት ሞተር የሚያስነሡት ግን እነዚያው ናቸው። በፀሐይ ላይ ተደርድሮ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን፣ ክዳኑ ካልጠበቀ፣ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ለወራት በካርቡራቶር ውስጥ የቆመ ቤንዚን ደግሞ ተንኖ ሲያልቅ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ትቶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

የመጀመሪያው ስሕተታችን

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም እንደሚባለው፣ እኛም ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ተሰብስበን ሥራ ጀመርን። ጉጉታችን ብዙ ነበር። አንዱ አዲስ ካንዴላ አሠረ፤ ሌላው ፊልትሮውን አጠበ፤ ሦስተኛው የካርቡራቶሩን የታችኛውን ቋት ከፍቶ ወለወለ፤ አራተኛው አሮጌውን ቤንዚን ደፍቶ አዲስ ሞላ፤ አምስተኛው ሚኒሞውን ከፍ አደረገው። በሦስተኛው ርግጫ ተነሣች። ጭብጨባ ሆነ። መምህሩም መረቀን። ለሲሊንደሩ ብድር መበደሩ ቀርቶ ሁላችንም ደስ እያለን ተመለስን።

ከአንድ ሳምንት በኋላ የሞዴል ፈተና ቀን ደረሰ። መምህሩ የፈተናውን ወረቀት በቦርሳው ይዞ በንጋት ወጣ። እንደ ዱሮው አርባ ጊዜ ረግጦ አስነሣት። አሸዋማውን የወንዝ ወለል በአነስተኛ ማርሽ ሲያቋርጥ ሞተሩ ከልክ በላይ ጋለ፤ ጉልበት አጣ፤ ቀጥሎም ቀጥ አለ። ሞተር ብስክሌቷን እዚያው ለአንድ እረኛ አደራ ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። ልጆቹ ደብተራቸውን ታቅፈው እስከ እኩለ ቀን ጠበቁት። ፈተናው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ራቅ ካለ ቦታ የሚመጡት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መሽቶባቸዋል።

ይህን ስንሰማ አፈርን። ምን ነበር ያጠፋነው?

አንደኛ፣ አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ለወጥን። ስለዚህ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልሠራ ማወቅ አልቻልንም። ሁለተኛ፣ የጠዋትን በሽታ በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ ባሞቀው ብረት ላይ መረመርን። ሦስተኛ፣ ሚኒሞውን ከፍ ስናደርግ ምልክቱን ሸፈንነው እንጂ በሽታውን አላዳንነውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ፦ በቅደም ተከተል

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ እንዳደረ፣ ደብተርና እርሳስ ይዘን ቀረብን። የተስማማንበት ሕግ አንድ ነበር፦ አንድ ነገር መርምር፤ ያየኸውን ጻፍ፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ እንደገና ሞክር። ቅደም ተከተሉም ገንዘብ ከማይጠይቀው ወደሚጠይቀው፣ ከሚታየው ወደማይታየው ሆነ።

ሀ/ ዓይን፦ ቤንዚን አለ ወይ? መክፈቻው ተከፍቷል ወይ? የማጥፊያው ቁልፍ በትክክለኛው ቦታ ነው ወይ? የካንዴላው ቆብ በደንብ ገብቷል ወይ? እነዚህ እንደ ቀልድ ይታያሉ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሞተር ፈትቶ ከበተነ በኋላ የሚያገኘው እነዚህን ነው። የእኛ ሁሉም ደህና ነበር።

ለ/ ቤንዚን፦ ከካርቡራቶሩ ቋት ሥር ያለችውን ብሎን አላልተን በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳን። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ካለ እንደ ዶቃ ሆኖ ከታች ይተኛል። አልነበረም። ቀጥለን አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አደረግን። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን የቅባት እድፍ ይተዋል። ባለሁለት ምት ሞተር ሆኖ ዘይት በእጅ የሚቀላቀልበት ከሆነ ግን ዘይቱ ራሱ እድፍ ስለሚተው ይህ ሙከራ መሥራት ያለበት ዘይት ሳይገባ ነው። የእኛዋ ዘይቱን በራሷ ፓምፕ የምትወስድ ስለሆነች በሙከራው አልተቸገርንም። ወረቀቱ ንጹሕ ሆነ። ከቧንቧውም ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ ወረደ።

(በነገራችን ላይ፣ አሥር ደቂቃ ሄዳ የምትጠፋና ቆይታ የምትነሣ ከሆነች የታንከሩን ክዳን ከፍታችሁ ሞክሩ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከገባና ከተነሣች፣ የተደፈነው የክዳኑ መተንፈሻ ነው።)

ሐ/ ካንዴላ፦ አሥር ጊዜ ከረገጥን በኋላ ካንዴላውን ፈታን። እዚህ ላይ ካንዴላ የሚለውን ማንበብ ያስፈልጋል።
— ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም ወይም አየር በዝቷል።
— በቤንዚን ከራሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም ፍንጣሪ የለም።
— ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቅልቅሉ ወፍሯል፤ ፊልትሮውንና ሳይመለስ የቀረ ቾክን ጠርጥሩ።
— ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ዘይት በዝቷል።
— ነጣ ካለ ቅልቅሉ ሳስቷል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ እየጋለ ነው።
— የተቆላ ቡና የመሰለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው።
የእኛ ደረቅና ነጭ ነበር። ይህን ስናይ አንዱ ጓደኛችን «ያው እኮ ራሱ ነገረን!» አለ።

መ/ ፍንጣሪ፦ ካንዴላውን ከቆቡ ጋር አያይዘን፣ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀን አስነካን፤ ከካንዴላው ቀዳዳ አርቀን ያዝንና አንዱ ረገጠ። ሰማያዊና ብርቱ ፍንጣሪ ታየ። ፍንጣሪው ቢጫና ደካማ ቢሆን ኖሮ ቦቢናውን፣ ሽቦዎቹን፣ በጥንታዊዎቹም ላይ ፑንቲናውን እንመረምር ነበር። የካንዴላ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲና ደግሞ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመሣሪያው መመሪያ ላይ ይገኛል።

ሠ/ እመቃ፦ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ አውራ ጣታችንን ጥብቅ አድርገን ረገጥን። ጣትን ገፍቶ የሚያስነሣ ኃይል ነበረ። ቢደክም ኖሮ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው አፍስሰን እንደገና እንሞክር ነበር። ዘይት ሲገባ እመቃው ከበረታ የለበሰው የፒስቶኑ ፋሻ ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልበረታ ጓርኒሲዮን ወይም፣ አራት ምት ከሆነ፣ ቫልቭ ነው። የእኛዋ እመቃ ደህና ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሲሊንደሩን ለመበረዝ የተጠየቀው ገንዘብ ያለ ምክንያት ሊወጣ ነበር ማለት ነው። መምህሩ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «እንኳን አልተበደርኩ» አለ።

ማስረጃውን ስናጋጥም

ደብተሩን ከፍተን ያወቅነውን ደረደርነው። ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፤ ቋቱም ድረስ ይመጣል። ፍንጣሪ አለ። እመቃ አለ። ካንዴላው ደረቅና ነጭ ነው። ቾክ ሲመለስ ትጠፋለች። እንግዲህ የቀረው አንድ መንገድ ነው፦ ቅልቅሉ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳስቷል።

ኮረም ስትወጣ የሚሻላት ነገርም በዚህ ተፈታ። ዋጃ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ኮረም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ኮረም ላይ አየሩ ከዋጃው ይልቅ በአንድ አሥረኛ ያህል ቀላል ነው። አየሩ ሲቀል በካርቡራቶር የሚገባው ቅልቅል በመጠኑ ይወፍራል። ጤነኛ ሞተር ሽቅብ ሲወጣ ይደክማል እንጂ አይሻለውም። የሳሳ ቅልቅል ያለበት ግን የጎደለውን ከፍታው በጥቂቱ ይሞላለታል። መምህሩ «ደጋ ትወዳለች» ያለው ለካ ዋነኛው ማስረጃ ነበር! ባለቤቱ የሚናገረውን በጥሞና ማዳመጥ የምርመራ ግማሽ ነው። ተማሪ «አልገባኝም» ሲል የት ጋ እንዳልገባው የምንጠይቀውም ለዚሁ ነው።

ቅልቅል በዝቅተኛ ዙር የሚሳሳው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ ባለቀዳዳ ናስ ተደፍናለች፤ ወይ ከካርቡራቶሩ በኋላ ያልተፈቀደ አየር ይገባል።

መጀመሪያ ናሷን ፈታን። በፀሐይ ብርሃን አንጻር ስናያት ቀዳዳዋ አይታይም። የዚያ ሁሉ ወር ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ደፍኗታል። በመጀመሪያው ቀን ቋቱን ስንወለውል እርሷን አልነካናትም ነበር። በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፈን፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝናት አንዲት የመዳብ ክር በቀስታ ከፈትን፤ በጎማ መንፊያ ነፋናት። የብረት ሽቦ ወይም መርፌ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ ክልክል ነው። ሌላ ምንም ሳንነካ መልሰን ገጠምን። በዘጠነኛው ርግጫ ተነሣች። አሻሽለናል፤ ነገር ግን አልጨረስንም። ዙሯ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጀታው ተለቆም ቶሎ አትወርድም።

ቀጥለን ሞተሩ እየሠራ፣ ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ ጋር በሚያገናኘው የጎማ አንገት ላይ ዙሪያውን ንጹሕ ውኃ አንጠባጠብን። ከሥሩ በኩል ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ፈትተን አጠፍ አድርገን ስናየው ፀሐይና ዕድሜ የሰነጠቀው፣ ካልታጠፈ የማይታይ ስንጥቅ ተገኘ። ጠዋት ቾኩ የማይረዳትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቾኩን የሚስበው ኃይል በስንጥቁ በኩል ይባክናል። በወንዙ ወለል ያጋላትም ይኸው ነው። የሳሰ ቅልቅል ሞተርን ያግላል፤ በዚሁ ብትቀጥል ፒስቶኑ ነክሶ ያን ጊዜ በእርግጥ ሲሊንደር ያስበርዝ ነበር።

ለጊዜው ከአሮጌ ከመነዳሪ ስስ ቁራጭ ቆርጠን አጥብቀን ጠቀለልነውና በሽቦ አሠርነው። መምህሩ በኋላ አዲስ ጎማ ገዝቶ አስገባ። ሚኒሞውንም ወደ ቦታው መለስን። በማግሥቱ ንጋት በሁለተኛው ርግጫ ተነሣች። ከጥቂት ቀን በኋላ ካንዴላው ሲፈታ ቡናማ ነበር።

እየሄደች ለምታንገራግር

ጠዋት ደህና ተነሥታ መንገድ ላይ የምታንገራግረዋን ለመለየት የመምህር መሣሪያ የሆነው ጠመኔ በቂ ነው። በቤንዚን እጀታውና በአጠገቡ ባለው ብረት ላይ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ የሚሆነውን ቦታ በጠመኔ አስምሩ። ከዚያ እየነዳችሁ የምታንገራግረው የት ላይ እንደሆነ ተመልከቱ።
— ከዝግ እስከ ሩብ ድረስ ከሆነ፦ የዝቅተኛው ዙር ናስ፣ የአየር ብሎኑ ወይም የአየር ማስገቢያ ስንጥቅ።
— ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ከሆነ፦ በካርቡራቶሩ ውስጥ የምትወጣና የምትወርደው መርፌ ቦታ ወይም መልበስ።
— ከሦስት አራተኛ በላይ ከሆነ፦ ትልቋ ናስ፣ የቤንዚን አወራረድ፣ የታፈነ ፊልትሮ ወይም በጥላሸት የተደፈነ ማርሚታ።
— በየትኛውም ቦታ ድንገት የምትቆራረጥ ከሆነ፦ ከቤንዚን ይልቅ ኮረንቲውን ጠርጥሩ።

ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾኩን ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከተሻላት ሳስቷል፤ ከባሰባት ወፍሯል።

አራት ምት ለሆኑት፣ እንደ ያማሃ ኤጂ 200ና እንደ ባጃጅ ቦክሰር ላሉት፣ ከላይ በተባለው ላይ የቫልቭ ክፍተት ይጨመራል። ቫልቮቹ ከልክ በላይ ከጠበቡ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ እመቃ ያመልጣል፤ ጠዋትም አስቸጋሪ ይሆናሉ። ልኩ የሚወሰደው ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ነው። ሳይንኳኳ በዝምታ ስለሚጠብ «ድምፅ የለውም፣ ደህና ነው» ማለት ያሳስታል።

ጥንቃቄ

ቤንዚንና ፍንጣሪ በአንድ ቦታ አይሰበሰቡም። ፍንጣሪ ስንሞክር የፈሰሰውን ቤንዚን እንጥረግ፤ ዕቃውንም እናርቅ፤ አሸዋ በአጠገባችን ይኑር። ሲጋራ ፈጽሞ አይታሰብም። ቤንዚን በአፍ በቱቦ መሳብ ሳንባ ያቃጥላል። በተዘጋ ክፍል ሞተር ማስነሣት ሽታ በሌለው መርዛማ ጭስ ሊገድል ይችላል። ዘይት በእጅ የሚቀላቀልበት ሞተር ከሆነ ልኩን አትገምቱ፤ አንድ ለሃያ አምስት ከተባለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ ለአሥር ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ከዋጃ የተማርነው ስለ ሞተር ብቻ አይደለም። ምልክቱን ሸፍኖ «ዳነ» ማለት በክፍልም ያጋጥማል። ልጁ መልሱን ከጎረቤቱ ገልብጦ ሲያገኝ ማርኩ ከፍ ይላል፤ ሚኒሞ ከፍ እንደማድረግ ነው። ያልገባው ነገር ግን እዚያው ተሰንጥቆ ይቆያል፤ በፈተና ቀን በወንዙ መሐል ያቆመዋል። መምህሩም መርማሪ ነው። ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ አንድ ነገር ይለውጣል፣ እንደገና ያያል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንዲት ሞተር ብስክሌት ዋጃ ላይ ደህና ሆና ኮረም ስትደርስ ጥቁር ጭስ ብታወጣና ብትደክም ቅልቅሏ ሳስቷል ወይስ ወፍሯል? ምክንያቱን አስረዱ።
2. ካንዴላው በቤንዚን ርሷል፤ ፍንጣሪውም ብርቱ ነው። ቀጥሎ ምን ትመረምራላችሁ?
3. በመጀመሪያው ቀን ከለወጥናቸው አምስት ነገሮች ውስጥ ምልክቱን የሸፈነው የትኛው ነበር? እንዴት?
4. ይህን ምርመራ ለሰባተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ያለ ሞተር፣ በኩራዝና በጠርሙስ ብቻ እንዴት ታስተምሩታላችሁ?

በአራተኛው ጥያቄ ላይ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝ ጽፎ ከዚህ ሰሌዳ ጎን እንዲለጥፍልን እንጠይቃለን። መምህሩ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በሰዓቱ ክፍል ይገባል፤ እኛም የምርመራ ደብተራችንን ለቀጣዮቹ ተለማማጆች አስረክበናል።